«አንቱ የተባለ» ስለሚሉት ሰው

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ማለዳ ቡናዬን ይዤ ራዲዮ ስሰማ፥ አንድ ተናጋሪ ስለ አንድ ዘፋኝ ሲያወራ «በአገራችን አንቱ ከተባሉት ድምፃውያን አንዱ» ብሎ ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ነጋዴን «አንቱ የተባለ ባለሀብት» አለው። በመካከሉ ማስታወቂያ ቢመጣ አንድ ሆቴል አንቱ ተባለ። እኔም ስኒዬን አስቀምጬ መቍጠር ጀመርሁ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይህች አነጋገር ስድስት ጊዜ ተነገረች። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰዋስው ያስተማረ ሰው ጡረታ ቢወጣም መቍጠሩንና ማረሙን አይተውምና፥ ቤተ ሰቦቼ ይህን ጠባዬን ታግሠው ይኖራሉ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ አንተም ሆንህ አንቺ ይህችን አነጋገር ሳትሰሙ የዋላችሁበት ቀን ብዙ አይመስለኝም። ዝነኛ ለማለት፥ በሙያው የተመሰገነ ለማለት፥ አንዳንድ ጊዜም ገንዘቡ የበዛ ለማለት ብቻ «አንቱ የተባለ» ይባላል። «አንቱታን አተረፈ» የሚሉም አሉ፤ ነጋዴ ከገበያ ትርፍ ይዞ እንደሚመለስ ማለት ነው። ሰው ስድብን ሲናገር ቃሉን መርምሮ ነው፤ ምስጋናን ሲናገር ግን ሳይመረምር የሚወረውረው ስለ ሆነ፥ ይህችን የምስጋና ቃል ፈትተን እንያት።

አማርኛ በፊቱ የቆመውን አንድ ሰው የሚጠራበት ቃል አንተ፥ አንቺና አንቱ ነው። ዛሬ በከተማ በአንቱ ፈንታ እርስዎ እንላለን፤ ይኸውም ራስ ወይም ርእስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ነገር ግን «እርስዎ የተባለ ደራሲ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። አሮጌው አንቱ በብዙ የከተማ ቤት ከማዕድና ከደጃፍ ተሰናብቶ ሲያበቃ፥ በዚህች አንዲት አነጋገር ውስጥ ግን ቤቱን አልለቀቀም።

አንቱ ለማን ይባላል? ለአባትና ለእናት፥ ለአዛውንት፥ ለካህን፥ ለመምህር ይባላል። አማቶችና ምራቶች አንቱ ይባባላሉ። ካህን ከሆነ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ እንኳ ቢሆን ጠጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ አንቱ ይሉታል፤ የሚያከብሩት ክህነቱን ነውና። ደግሞም ግሡን ተመልከቱ። ዐሥር ሰዎች ሲመጡ «መጡ» እንላለን፤ አንድ አዛውንት ብቻቸውን ሲመጡም «መጡ» እንላለን። ቋንቋው የሚያከብረውን አንዱን ሰው እንደ ብዙ አድርጎ ይቈጥረዋል ማለት ነው።

እኔ በልጅነቴ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ከውጭ አገር የመጡት መምህራችን አማርኛ አጥንተው ነበር፤ ነገር ግን በአገራቸው ቋንቋ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም የሚባለው ቃል አንድ ስለ ነበረ፥ ሽበታሙን የትምህርት ቤቱን ዘበኛ «አንተ፥ በሩን ክፈት» ይሏቸው ነበር። እኛ ልጆቹ አፋችንን በእጃችን ይዘን እንስቃለን። ዘበኛው ግን ሳይቈጡ «እሺ ጌታዬ፥ ከፈትሁልዎ» ይሉ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ነገሩን ሳስበው፥ ከሁለቱ ሰዎች የከበረው የትኛው እንደ ነበረ ለመፍረድ ሰዋስው ብቻ የማይበቃ ሆኖ አገኘሁት።

ግእዝ ለአንድ ሰው የሚሆን የአክብሮት አንቱ የለውም። ንጉሡም እረኛውም በግእዝ አንተ ናቸው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ልማድ ተከትሎ ነገሥታቱንና ነቢያቱን «ተናገረ» እንጂ «ተናገሩ» አይላቸውም። በጸሎት ጊዜ ፈጣሪን አንተ እንላለን እንጂ አንቱ የሚል የለም። ስለዚህ ልመናችንን ሁሉ ከምናቀርብለት ከእርሱ ጋር ስንነጋገር የምንመርጠው ቃል፥ ከታናሽ ወንድማችን ጋር የምንነጋገርበትን ቃል ነው። ይህን አሳብ አንባቢው ለጥቂት ጊዜ በልቡ ያቈይልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ቃል፥ «የተባለ» ወደሚለው እንምጣ። የአነጋገሩ ስንፍና ያለው እዚህ ላይ ነውና ጥቂት መዘግየት ይገባል። ተማሪዎቼ እንደሚያስታውሱት አድራጊና ተደራጊ የሚባል ነገር አለ። «ካሣ በሩን ሰበረው» ብንል ሰባሪው ይታወቃል፤ «በሩ ተሰበረ» ብንል ግን ሰባሪው ከዓረፍተ ነገሩ ሾልኮ ያመልጣል። ተሰበረ፥ ጠፋ፥ ተበላ የሚሉትን ግሦች ጥፋት ያጠፋ ልጅ ሁሉ ሳይማራቸው ያውቃቸዋል። «ተባለ» የሚለውም እንደዚሁ ነው። አንቱ ተባለ። መልካም፤ ማን አለው? የት ሆኖ አለው? ስለምን አለው? ዓረፍተ ነገሩ አይመልስም። ፍርድ ቤት ቀርቦ «ይህ ሰው ደግ ነው ተብሏል» የሚል ጠበቃ ዳኛው ምስክሩን እንዲጠራ ያዝዘዋል። በራዲዮና በጋዜጣ ግን ምስክር የሚጠይቅ ዳኛ የለም።

ከዚህም ሌላ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። «አንቱ የተባለ» እንጂ «አንቱ የተባሉ» አይሉም፥ ሰውዬው ብቻውን ከሆነ። አንቱ መባሉን የሚያወራው ሰው ራሱ አንቱ አላለውም! ክብሩን ሌሎች እንደ ሰጡት ይናገራል፤ እርሱ ግን በዚያችው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንተ ብሎት ያልፋል። ግብር አብልቷል ተብሎ የተወራለትን ሰው ቤት አይቶ ምሳ ሳይቀምስ እንደ ተመለሰ እንግዳ ነው።

«ቃልን እንዲህ አጥብቆ መያዝ ምን ይጠቅማል? አነጋገር ነው፥ ይለፍ» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፥ ቃላት እንደ ጫማ ሶል ያልቃሉ። ታዋቂ የሚለው ቃል የታወቀ ማለት ብቻ ነው፤ ሌባም ታዋቂ ሊሆን ይችላል፥ ቃሉም አልዋሸም። ዝነኛ ወሬው የተሰማለት ነው። ገናና ስሙ የገነነ ነው። እነዚህ ቃላት ስለ ሰውየው ጠባይ ምንም ምስክርነት አይሰጡም፤ ስለዚህ ቢያልቁም ጕዳታቸው ጥቂት ነው። አንቱ የተባለ የሚለው ግን ሰውየው እንደ አባትና እንደ መምህር ተከብሯል ብሎ የሚመሰክር ቃል ነው። ምስክርነት ሲያልቅ እንደ ጫማ ሶል አያልቅም። እንዲያውም ዛሬ «አንቱ የተባለ ውሸታም» ሲባል እንሰማለን፤ ይህን የሚሉት ሰዎች ቀልደኞች ናቸው እንጂ ቃሉን ከራዲዮው ተናጋሪ ይልቅ የተረዱት ይመስለኛል።

አሁን ያቈየነውን አሳብ እናንሣ። በእውነት ዝናቸው አገር የሞላ ሰዎች አንቱ ይባላሉን?

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነበረ። በዚያች ምሽት በሮም ከተማ የክቡር ዘበኛ ወታደር የነበረው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የማራቶኑን ውድድር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጸመ። ያን ዕለት ማለዳ ስሙን የሚያውቁት ጓደኞቹና አሠልጣኙ ነበሩ፤ በማግስቱ እንቍጣጣሽ ሲብት ዓለም ያውቀው ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፥ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፥ ሁለተኛ አሸነፈ፤ የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. መኪናው ተገልብጣ እግሮቹ ከዳኑት። እርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፥ በእንግሊዝ አገርም በዚሁ ተወዳደረ። በ1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ።

ይህን ሰው ሕዝቡ ምን ብሎ ይጠራዋል? አበበ ብሎ ነው። ሻምበል የሚለው ማዕርጉ በወግ ጊዜ ይጠራል፤ በሰው አፍ ግን አበበ ሮጠ፥ አበበ አሸነፈ፥ አበበ ወደቀ ነው። እኔም ከላይ ስለ እርሱ ስጽፍ ሳላስበው «ሮጦ»፥ «ዐረፈ» ብዬ ጻፍሁ፤ አሁን ላርመው ብሞክር እጄ እንቢ አለኝ። ደራርቱም ደራርቱ ናት፥ ኃይሌም ኃይሌ ነው። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም. ሲሞት ያለቀሰለት ሰው ቍጥር ስፍር የለውም፤ ነገር ግን «ጥላሁን ሞተ» ብሎ ነበር ያለቀሰ፥ «አቶ ጥላሁን አረፉ» ብሎ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ዳግማዊ ምኒልክም ግርማዊ፥ ጃንሆይ፥ ንጉሠ ነገሥት የሚባል ስም ሁሉ ነበራቸው፤ ሕዝቡ ከሁሉ አብልጦ ይዞ የቀረው ግን እምዬ የሚለውን ነው፤ እምዬ ደግሞ ለእናት የሚባል ነው።

እንግዲህ ነገሩ ተገልብጧል። አንቱ በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ርቀት ነው። የአክብሮት ርቀት ነው፥ ደግም ነው፥ ነገር ግን ርቀት ነው። እጅግ የታወቀውንና እጅግ የተወደደውን ሰው ሕዝቡ ወደ ራሱ ያስጠጋዋል፥ አንተ ይለዋል። አንቱ የሚባሉት ደግሞ የምናያቸው፥ የሚያዩን፥ በደጃፋችን የሚያልፉ ሰዎች ናቸው፤ ከሠፈራቸው ውጭ የሚያውቃቸው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ለዝነኛ ሰው ስም ይሆን ዘንድ ከአማርኛ ቃላት ሁሉ መካከል «አንቱ የተባለ» የሚለውን የመረጠ ሰው ያልገጠመ ምርጫ መረጠ።

በነገራችን ላይ ዝና ራሱ ምን ያህል የማይታመን እንደ ሆነ ለማየት አለቃ ገብረ ሐናን ማስታወስ ይበቃል። አለቃ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የነበሩ ታላቅ ሊቅ ናቸው። ዛሬ ግን ስማቸው ሲነሣ ሰው ለመሳቅ ይዘጋጃል፤ እርሳቸው ያልተናገሩት ቀልድ ሁሉ በስማቸው ይነገራልና። በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ እንደሚነገረው የደከሙበት ትልቁ ሥራ የዝማሜው ሥርዓት ነው፤ እርሱም የሚጠራው ባስተማረው በልጃቸው ስም «ተክሌ» ተብሎ ነው። የሠሩት ሥራ በልጃቸው ስም፥ ያልተናገሩት ቀልድ በእርሳቸው ስም ሄደ። እርሳቸው ይህን ቢሰሙ አንድ ቀልድ ይጨምሩበት ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ይህን በማለቴ እኔም ከወቀስኋቸው ሰዎች ጋር መቈጠሬ ነው።

በማስተምርበት ዘመን «ተባለ» የሚለውን ግሥ ስናጠና ለሰባተኛ ክፍል ልጆች አንድ መልመጃ እሰጥ ነበር። «አንቱ የተባለ» የሚለውን ወስዳችሁ አድራጊውን አውጡና ጻፉ እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ «ሕዝብ አንቱ ያለው» ብለው ጽፈው ይገላገላሉ። አንዲት ልጅ ግን እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በሠፈራችን ጠላ የሚሸጡትን እማማን ሰው ሁሉ አንቱ ይላታል።» እኔም ቀይ እስክሪፕቶዬን አንሥቼ «ይላታል» የሚለውን ሰርዤ «ይላቸዋል» ብዬ አረምሁ። ልጅቱ ደብተሯን ስታይ እጇን አወጣችና፥ «ቲቸር፥ እንደዚያ አይደለም እኮ። ፊታቸው ሲቆም አንቱ ይላቸዋል፤ ዘወር ሲሉ ግን መጣች ሄደች ነው የሚላት» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። በሰዋስው ስሕተቷ ውስጥ የሠፈሯ እውነት ነበረበትና ቀዩን ቀለም ማስለቀቅ ብችል ባስለቀቅሁት ነበር።

ከዚህ በኋላ የምናገረው በራሴ ላይ ነው።

ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት፥ በአጠገቤ ባለው ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር ባልደረባ ነበረኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማረ። የምስክር ወረቀቱ ከእኛ ያነሰ፥ ካፖርቱም ከእኛ ያረጀ ነበረና በመምህራን ክፍል ውስጥ ሁላችንም «አቶ እገሌ፥ እርስዎ» ስንባባል፥ እርሱ ብቻ አንተ ነበር። በዕድሜ የእርሱ ልጅ ሊሆን የሚችለው ጸሐፊ እንኳ «አንተ፥ ዲሬክተሩ ይፈልጉሃል» ይለው ነበር። አልተቃወመም። እኛም አላረምንም። እኔ የተማሪን ግሥ በቀይ የማርም ሰው፥ በየዕለቱ ከአጠገቤ የሚነገረውን ይህን ስሕተት አንድ ቀን እንኳ አላረምሁም። እኔም ራሴ አንተ እለው ነበር፤ ያልሁትም በወዳጅነት አልነበረም።

በሞተ ጊዜ የሕይወት ታሪኩን ጽፈህ አንብብ ተብዬ ታዘዝሁ። እኔም እንደ ልማዱ ሳልጨነቅ «በሙያቸው አንቱ የተባሉ መምህር ነበሩ» ብዬ ጻፍሁ፥ በቀብሩም ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁት። በሦስተኛው ቀን ወደ ለቅሶ ቤት ስሄድ ባለቤቱ በአጠገቧ አስቀመጠችኝና፥ በዝግታ፥ ሰው እንዳይሰማ አድርጋ፦ «መምህር፥ ያነበቡት ወረቀት መልካም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እሳቸውን አንቱ ያላቸው ማነው? እርስዎ ብለዋቸው ያውቃሉ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እርሷም መልስ አልጠበቀችም። «ከእኔ በቀር ማንም አላላቸውም፤ እኔ ግን ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን አንተ ብያቸው አላውቅም። እንግዲህ ወረቀቱ አልዋሸም» አለችና ውኃ እንዲያመጡልኝ ልጆቿን አዘዘች።

ያን ወረቀት ዛሬም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ አድራጊዋ አንዲት ሴት ነበረች፥ እኔም «ተባሉ» በሚለው ግሥ ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አስወጥቻት ነበር። በእርሷ ቦታም ራሴንና ባልደረቦቼን ስም ሳልጠራ አስገባሁ። ሕያው ሆኖ ሳለ ያልከፈልሁትን ዕዳ፥ ከሞተ በኋላ እንደ ከፈልሁት አድርጌ በሰው ፊት አነበብሁ። ተደራጊ ግሥ ለዚህ ሥራ እንዴት እንደሚመች ያን ቀን ነው የገባኝ።

ዛሬ በእጃችሁ ባለው ስልክ ላይ እገሌ ይህን ያህል መቶ ሺህ ተከታይ አለው፥ እገሊት ሚሊዮን ሞላች ሲባል እሰማለሁ። ይህን አልነቅፍም፤ ቍጥሩ ቍጥር ነውና ቢያንስ አይዋሽም፤ የተከተለው ሰው ጣቱን አንሥቶ ነክቶታል። እንዲያውም ከ«አንቱ የተባለ» ይልቅ ሐቀኛ ነው እላለሁ። ነገር ግን ያን ቍጥር አይተው ሲያበቁ «አንቱ የተባለ ቲክቶከር» ብለው ሲጽፉ፥ ሚሊዮን ሰው ተመለከተው ማለትና ሚሊዮን ሰው በፊቱ ተነሥቶ ቆመለት ማለት አንድ ይሆኑባቸዋል። ከሚሊዮኑ ተመልካች መካከል ያ ልጅ ቢታመም ደጃፉን የሚያንኳኳ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት አይደለም። ይህን የምለው የልጅ ልጆቼም በዚሁ ስልክ ላይ ስለሚውሉ ነው፤ ቍጥራቸውን ሲነግሩኝም በልቤ ደስ ይለኛል፥ አልክድም።

ባለፈው ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል ሊከበር ሆኖ፥ የወንድሜ ልጅ የሚታተመውን መጽሔት ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። በአንዱ ገጽ ላይ «አንቱ የተባሉ የቀድሞ ተማሪዎቻችን» የሚል ርእስ ነበረበት፤ ከሥሩም ዐሥራ አንድ ስም ተደርድሯል። እኔም «ርእሱን ሰርዘው፤ በያንዳንዱም ስም ፊት አንቱ ያለው ማን እንደ ሆነና ስለ ምን እንዳለው ጻፍበት» አልሁት። ልጁ፥ «አጎቴ፥ እርስዎ ደግሞ ነገር ያከብዳሉ» ብሎ አጕረምርሞ ሄደ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተመለሰ። በየሰዉ ዘንድ እየሄደ ጠይቆ ኖሮ ወረቀቱ ተለውጧል። በአንዱ ስም ፊት «በእገሌ ወረዳ ጕድጓድ አስቈፍሮ ሰባት ቀበሌ ውኃ አጠጣ» ይላል። በአንዲቱ ስም ፊት «ሃያ ሁለት ዓመት አዋላጅ ነርስ» ይላል፤ ከሥሩም ያዋለደቻቸው የሦስት እናቶች ቃል አለ። ከዚህም በላይ በመጀመሪያው ዝርዝር ያልነበሩ አራት ስሞች ተጨምረዋል፥ ከእነርሱም አንዱ እዚያው ትምህርት ቤት ደወል የሚደውሉት ሰውዬ ናቸው። ወደ ገጹ ግርጌ ግን አንድ ስም ብቻውን ቆሟል፤ በራዲዮና በቴሌቪዥን ዘወትር የሚጠራ፥ ሁላችሁም የምታውቁት ስም ነው። ከፊቱ ያለው ስፍራ ነጭ ነው።

«አጎቴ፥ ዘጠኝ ሰው ጠየቅሁ፤ ሁሉም ያውቁታል፥ ምን እንዳደረገላቸው ግን የነገረኝ የለም። እሱን ምን እናድርገው?» አለኝ።

«ስሙን ብቻ ጻፈው» አልሁት፤ «ስሙን ሁሉም ያውቀዋልና።»